ፕሮጀክት ከክበብ ወጥቶ ክፍለ ጊዜ ይሰጠው፦ ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢፌዴሪ ትምህርት ሚኒስቴር
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች

ጉዳዩ፦ ሴት ተማሪዎች በፕሮጀክት የሚማሩበትና ከሌላ አካባቢ እኩዮቻቸው ጋር በጋራ የሚሠሩበት ጊዜ በመደበኛው የትምህርት ሰዓት እንዲመደብ ስለመጠየቅ

እ.ኤ.አ. በ2017 ከኬንያዋ ኪሱሙ ከተማ አምስት የሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎች ለዓለም አቀፍ ውድድር ወደ ካሊፎርኒያ አቀኑ። ይዘው የሄዱት ራሳቸው የሠሩትን «አይ-ከት» የተሰኘ የስልክ መተግበሪያ ነበር። ግርዛት ያሰጋት ልጅ አንድ ቁልፍ ተጭና የድረሱልኝ ጥሪ ታሰማለች፤ የተገረዘች ልጅ የሕክምናና የሕግ ድጋፍ የምታገኝበትን ቦታ ትጠቆማለች፤ መረጃ ለሚሻውም፣ አድራጎቱን ለሚጠቁመውም የየራሱ ቁልፍ አለው። ልጆቹ የወጡበት የሉኦ ማኅበረሰብ ሴት ልጁን አይገርዝም። ወደ ሥራው የገቡት አንዲት የትምህርት ቤት ጓደኛቸው ተገርዛ ከቀረች፣ ተመልሳም ሳትመጣ ከቆየች በኋላ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የአውሮፓ ፓርላማ ለሳካሮቭ ሽልማት የመጨረሻ ዙር ካጫቸው መካከል እነዚህ ልጆች ነበሩ።

የኪሱሙ ልጆች ኮድ መጻፍን፣ በጀት ማውጣትን፣ በማያውቁት ሕዝብ ፊት ቆሞ መናገርን ተምረዋል። ከዚያ በፊት ግን በእነሱ ቤት የሌለውን የሌላ ማኅበረሰብ ሕመም ጠይቀው፣ ሰምተው፣ እንደራሳቸው ጉዳይ ይዘውት ነበር። ይህ ደብዳቤ ሚኒስቴሩን የሚጠይቀው እነዚህን ሁለት ነገሮች ነው፦ ሴት ልጅ በእጇ ሠርታ እንድትማር፣ ስትሠራም ከአካባቢዋ ውጭ ካለች እኩያዋ ጋር እንድትሠራ። የሚጠየቀውም ለጥቂት የተመረጡ ልጆች የሚሆን ተጨማሪ ውድድር አይደለም። የሚጠየቀው በእያንዳንዱ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሳምንቱ የክፍለ ጊዜ ድልድል ላይ የሚጻፍ ሰዓት ነው።

ኪሱሙዎቹን ያሳተፈው ቴክኖቬሽን የተባለው መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ ነው። ከ8 እስከ 18 ዓመት ያሉ ሴት ልጆች በቡድን ሆነው በአካባቢያቸው ያለ አንድ ችግር ይለያሉ፤ ከዚያ በአማካሪ እየታገዙ መፍትሔ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 በመርሐ ግብሩ ውድድር በታዳጊዎች ምድብ አንደኛ የወጡት ከናይጄሪያ አናምብራ ግዛት የመጡ አምስት ልጆች ነበሩ። የሠሩት መተግበሪያ የመድኃኒትን ባርኮድ አንብቦ ትክክለኛ ይሁን ሐሰተኛ፣ ጊዜው ያለፈበት ይሁን ያላለፈበት የሚለይ ነው። የነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት ያለባት ኦኒቻ በገበያዋ የታወቀች ናት፤ ሐሰተኛ መድኃኒትም በዚያ አገር የብዙ ቤተሰብ ጉዳት ነው። ጥያቄውን መምህር ከመጽሐፍ አልሰጣቸውም፤ ከሰፈራቸው ገበያ አመጡት።

ኢትዮጵያም ለዚህ እንግዳ አይደለችም። የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን፣ የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ጉዳይ ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የአፍሪካ ልጃገረዶችን ኮድ ለማስተማር ያቀዱት መርሐ ግብር የመጀመሪያ ካምፑን በነሐሴ 2018 እ.ኤ.አ. የከፈተው አዲስ አበባ ላይ ነው። ከ34 አገሮች የተውጣጡ ከ80 በላይ ልጃገረዶች ተገኝተዋል። ሐረር የተወለደችው ቤተልሔም ደሴ አይኮግ ላብስ ከተባለው ድርጅት ጋር በጀመረችው የኮዲንግ ሥልጠና ብዙ ታዳጊዎችን ከኮምፒውተር ጋር አስተዋውቃለች። እ.ኤ.አ. በ1995 ሮማኒያ ውስጥ የተጀመረው የአሜሪካ የሰላም ጓድ የልጃገረዶች የአመራር ካምፕም እዚህ ሲካሄድ ቆይቷል። ሁሉም ምስጋና የሚገባቸው ናቸው። ሆኖም ካምፑ በሳምንታት ያልቃል፤ የሚገቡትም ተመርጠው ነው። ምርጫው ደግሞ በአብዛኛው እንግሊዝኛ የሚቀናትን፣ ከተማ ያለችውን፣ ቤተሰቧ የሚፈቅድላትን ልጅ ያስቀድማል።

ካምፕ ላልደረሳት ልጅ የቀረው የትምህርት ቤቱ ክበብ ነው፤ የሳይንስ ክበብ፣ የሥርዓተ ፆታ ክበብ፣ ሚኒ ሚዲያ። ክበባቱ የሚሰበሰቡት ብዙውን ጊዜ ትምህርት ካለቀ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ሚኒስቴሩ አንዲት የገጠር የሰባተኛ ክፍል ተማሪን በዓይነ ሕሊናው ቢያስብ መልካም ነው። ደወል ሲደወል ወንድሟ ኳስ ሜዳ ሊቀር ይችላል፤ እሷን ግን ውኃ ይጠብቃታል፣ እንጨት ይጠብቃታል፣ ታናናሾቿ ይጠብቋታል። መንገዱ ሩቅ ከሆነ ሳይመሽ መድረስ አለባት፤ የሚያስጨንቃትም የመንገዱ ርዝመት ብቻ አይደለም። በከተማም ቢሆን በሁለት ፈረቃ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ ለክበብ የሚሆን ባዶ ክፍል የለውም። ስለዚህ ከክፍል ውጭ የሚደረግ ነገር ሁሉ፣ ማንም ሴቶችን ላግልል ብሎ ሳያስብ፣ ይበልጥ የሚያስፈልጋትን ልጅ በር ላይ ይመልሳል። ለሴት ልጅ የተረጋገጠላት ጊዜ የክፍል ሰዓቷ ነው። ቤተሰቧ «ትምህርት ቤት ናት» ብሎ የሚቀበለው ያንን ሰዓት ብቻ ነው።

ጊዜው በክፍል ውስጥ ቢመደብ እንኳ ብቻውን በቂ አይሆንም፤ አሠራሩም መታየት አለበት። የቡድን ሥራ የሚታወቅ ነገር ነው፤ አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት በየክፍሉ ነበር። በዚያ ቡድን ውስጥ ማን ምን ይሠራ እንደነበር ያስተማረ መምህር ሁሉ ያስታውሳል፤ ጽሕፈቷ ስለሚያምር ሴቷ ትጽፋለች፣ ወንዱ ቆሞ ያቀርባል። ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ ተሳትፋ አንድም ቀን ድምፅዋ ሳይሰማ ትምህርቱ ይዘጋል። በፕሮጀክት ትምህርት አንድ ደንብ ይህን ይለውጠዋል፤ የአቅራቢነት፣ የመሪነትና የመለካት ሥራ በዙር ይሁን፣ ውጤትም በዚያ ይያዝ። ወንዶቹም ከዚህ የሚያጡት የለም፤ ጸሐፊ ሆኖ የሌላውን ሐሳብ በትክክል ማስፈር ለእነሱም ትምህርት ነው።

አገሪቱ የአንድ ወገን ትምህርትን በትልቅ ወጪ ሞክራዋለች። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የፕላዝማ ትምህርት ገብቶላቸው ነበር። በማያ ገጹ ላይ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ፈጥኖ ያስረዳል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ መልሱንም ራሱ ሰጥቶ ያልፋል። የክፍሉ መምህር ቆሞ ያያል። ያልገባት ልጅ እጇን ብታወጣ የሚያያት የለም። ዛሬ ታብሌትና ኢንተርኔት ለማዳረስ ሲታቀድ ይህ ተሞክሮ ከፊት መቀመጥ አለበት፤ መሣሪያው አዲስ ቢሆንም ልጅቷ ተመልካች ሆና ከቀረች የተለወጠ ነገር የለም።

አሁን አንድ የስምንተኛ ክፍል ፕሮጀክት እናስብ። ርዕሱ ውኃ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዷ ተማሪና እያንዳንዱ ተማሪ በቤታቸው ውኃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ፣ ምንጩ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ደርሶ ለመመለስ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ይመዘግባሉ። ሀያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ ሀያ ኪሎ ይመዝናል፤ ጀሪካኑን ሳይቆጥሩ ማለት ነው። በሂሳብ ክፍለ ጊዜ የተሰበሰበው ቁጥር አማካዩ ይወጣለታል፣ ግራፍ ይሠራለታል፣ በሴትና በወንድ ይለያል። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ውኃው ይጣራል፣ ይፈላል፣ ይነጻጸራል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ ክፍለ ጊዜ አያቶችን ጠይቀው ምንጩ በእነሱ ዘመን እንዴት ይጠበቅ እንደነበር ይጽፋሉ። በዜግነት ትምህርት ደግሞ የቀበሌው የውኃ ኮሚቴ እነማን እንደሆኑ፣ ስንቶቹ ሴቶች እንደሆኑ፣ ውሳኔ እንዴት እንደሚያልፍ ያጣራሉ። በመጨረሻ የቀበሌው አስተዳደርና ወላጆች በተገኙበት ያቀርቡታል።

በዚህ ሥራ ከክፍሉ ሁሉ የበለጠ የምታውቀው ማን ናት? በየቀኑ ጀሪካን የምትሸከመዋ ልጅ ናት። ከትምህርት የሚያስቀራት የነበረው ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕውቀት ተብሎ ይቆጠርላታል፤ ጓዶቿ እሷን ይጠይቃሉ። ይህ እንዲሆን ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ሜትር፣ ሰዓት፣ ደብተርና የተዘጋጀ መምህር ይበቃል።

የወር አበባም እንዲሁ የፕሮጀክት ርዕስ ሊሆን ይችላል። ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ አሜሪካ ቴክሳስ ኬሚካል ምህንድስና ተምረው ተመልሰው፣ ታጥቦ ደጋግሞ የሚያገለግል የንጽህና መጠበቂያ ነድፈው መቀሌ ላይ ፋብሪካ ከፈቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ መርጧቸዋል። የሳቸው ሥራ ራሱ የውጭ ትምህርትና የአገር ቤት ችግር የተገናኙበት ፕሮጀክት ነው። በየትምህርት ቤቱ ያሉ ልጃገረዶች ጨርቁን መርጠው፣ ለክተው፣ ሰፍተው፣ ወጪውን አስልተው ቢሠሩ ከትምህርት ገበታ የሚያስቀራቸውን ነገር በገዛ እጃቸው ይፈቱታል። ወንዶች ተማሪዎች በወጪው ስሌት ላይ ቢሳተፉ ደግሞ በጉዳዩ መሳለቅ ይቀንሳል።

የባህል ልውውጥ ሲባል ብዙ ሰው አውሮፕላን ያስባል። የአፍጋኒስታኗ ሄራት ልጆች ታሪክ የዚህን አደገኛነት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋሽንግተን በተካሄደ የሮቦት ውድድር ለመሳተፍ ያመለከቱት ስድስት ልጃገረዶች ቪዛ ሁለት ጊዜ ተከለከሉ፤ የገቡት ነገሩ የዓለም ዜና ከሆነ በኋላ ነው። ገብተውም ለብርታታቸው የብር ሜዳሊያ አገኙ። የቡድኑ ልጆች በ2020 ኮቪድ ሄራትን ሲመታ የቶዮታ ኮሮላ ዕቃ እየፈቱ የመተንፈሻ መሣሪያ ናሙና ለመሥራት ተነሡ፤ ውድድር ላይ የተማሩት ለከተማቸው ሆነ። በ2021 ታሊባን ሲመለስ ግን ዝናቸው ራሱ ስጋት ሆኖባቸው ብዙዎቹ አገር ጥለው ወጡ። እዚህም ቢሆን ልጆችን ከውጭ ጋር የሚያገናኝ አሠራር ቪዛ ላይ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም። የልጅቷ ስምና ፎቶ ያለ ወላጅና ያለ እሷ ፈቃድ መውጣት የለበትም። ችግሯን ለለጋሽ ማሳያ የሚያደርግ ልውውጥም ልውውጥ ሊባል አይገባውም።

ጉዞ ሳይኖር እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ የቆየ ምሳሌ አለ። አይ-ኧርን የተባለው የትምህርት ቤቶች መረብ እ.ኤ.አ. በ1988፣ የቀዝቃዛው ጦርነት ገና ሳያበቃ፣ በኒው ዮርክ ግዛትና በሞስኮ ያሉ ትምህርት ቤቶችን አገናኝቶ ጀመረ። ዛሬ ከመቶ በሚበልጡ አገሮች ይሠራል። ከፕሮጀክቶቹ አንዱ ለትንንሽ ልጆች የሚሆን ነው፤ ሁለት ክፍሎች በፖስታ የድብ አሻንጉሊት ይላላካሉ፤ እንግዳው ድብ የዋለበትን፣ የበላውን፣ ያየውን በልጆቹ እጅ ማስታወሻ እየጻፈ ለአገሩ ልጆች ይልካል። ወጪው የፖስታ ቴምብር ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ልውውጡ ከአገር ውስጥ ይጀምር። ከሰማንያ በላይ ቋንቋ ባለበት አገር አንዲት የደብረ ማርቆስ ተማሪ ስለ ጂግጂጋ እኩያዋ የምታውቀው ምንድን ነው? ከላይ የተባለውን የውኃ ፕሮጀክት ሦስት ትምህርት ቤቶች በአንድ ወቅት ቢሠሩት አስቡት፦ አንዱ ጎጃም በምንጭ ዳር ያለ፣ አንዱ ያቤሎ አካባቢ የቦረና ጥልቅ የውኃ ኤላዎች ያሉበት፣ አንዱ ሶማሌ ክልል ቤተሰብ የዝናብ ውኃን በቢርካ የሚያጠራቅምበት። ቁጥር ይለዋወጣሉ። የቦረናዋ ልጅ ሰዎች በኤላው ውስጥ ተደራርበው ቆመው ባልዲውን እየተቀባበሉ ወደ ላይ እንዴት እንደሚያወጡና ተራ እንዴት እንደሚጠበቅ ትጽፋለች። የጂግጂጋዋ ቢርካው ሲደርቅ ምን እንደሚደረግ ትነግራለች። ደብዳቤዎቹ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በእንግሊዝኛ ይጻፋሉ፤ ተርጓሚዎቹም ተማሪዎቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ እርከን ያለበት ትምህርት ቤት አራተኛ ሆኖ ቢጨመር ስለ አፈርና ውኃ የሚያስተምረው ብዙ ነው። እነዚህ ልጆች በዜና ከሚሰሙት በፊት እርስ በርስ በሥራ ይተዋወቃሉ፤ ባለፉት ዓመታት ካሳለፍነው በኋላ ይህ ራሱ ትልቅ ጉዳይ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር በታሪካችን ነበረ። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግሉ ይላኩ ነበር፤ ብዙዎቹም ያስተምሩ ነበር። ከዚያም ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት አለ። ስዊዘርላንድ ተምረው የተመለሱት፣ በወረራው ዘመን ከአርበኞች ጋር ተሰልፈው ተማርከው ጣሊያን አገር የታሰሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከነፃነት በኋላ ትምህርት ቤቱን መሩ። ተውኔት እየደረሱ ልጃገረዶቹ መድረክ ላይ ወጥተው እንዲጫወቱ ያደርጉ ነበር። ሴት ልጅ በአደባባይ እንድትናገር በማይጠበቅበት ዘመን ተማሪዎቻቸውን በሥራ አስተማሩ። በ1957 እ.ኤ.አ. ራሳቸው ተወዳድረው የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ።

የፈተና ጥያቄ እንደሚነሣ ይታወቃል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞቹ 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። በዚህ ውጤት ላይ «ተጨማሪ ፕሮጀክት ጊዜ ያባክናል» ማለት ይቀላል። ማስረጃው ግን ወደ ሌላ ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነ የአሜሪካ ጥናት ከ3,600 በላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን አየ፤ በፕሮጀክት የሚያስተምሩትና በተለመደው መንገድ የሚቀጥሉት ትምህርት ቤቶች በዕጣ ነበር የተለዩት። በፕሮጀክት የተማሩት ተማሪዎች አገር አቀፉን ፈተና ያለፉበት መጠን በ8 የመቶኛ ነጥብ በልጧል፤ ብልጫው ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ በመጡ ልጆችም ታይቷል። የአሜሪካ ክፍል የእኛን ክፍል አይመስልም፤ መምህራኑም በቂ ሥልጠና ነበራቸው። ስለዚህም እዚህ በጥናት ታግዞ ይሞከር የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ሽምደዳው ያመጣው ውጤትም በፊታችን አለ።

ጉዳዩ ከፈተናም ያልፋል። የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻ ዕድሜን 18 ዓመት ካደረገ ብዙ ጊዜው ነው። ሆኖም በ2016 እ.ኤ.አ. የሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉ ሴቶች 40 በመቶው 18 ሳይሞላቸው አግብተው ተገኝተዋል። ለዚህ መድኃኒት ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱ ምዕራብ ጎጃም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 በሞሰቦ የተሞከረው «ብርሃነ ሔዋን» ልጃገረዶችን በቡድን አሰባስቦ፣ ለትምህርት ቁሳቁስ ረድቶ፣ ከወላጆች ጋር ተነጋግሮ፣ ልጃቸውን ሳይድሩ ላቆዩ ቤተሰቦች ፍየል ሰጠ። ሲገመገም ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ትምህርት ቤት የመገኘታቸው ዕድል ከንጽጽሩ መንደር በሦስት እጥፍ በልጦ፣ የማግባታቸው ዕድል ደግሞ ወደ አንድ አሥረኛ ወርዶ ተገኘ። ፍየሏ ወላጅን አሳመነች፤ ልጆቹን ያቆያቸው ግን የሚሰበሰቡበት ሰዓትና ቦታ፣ እኩያና አስተባባሪ ማግኘታቸውም ነው።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል በጀመረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ከሰባተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ለፕሮጀክት እንዲመድብ ይጠየቃል። ውጤቱም ከተከታታይ ምዘናው ተቆጥሮ በሰርተፍኬት ላይ ይስፈር፤ ውጤት የሌለው ሥራ ፈተና ሲቃረብ መጀመሪያ እንደሚሰረዝ መምህራን ያውቃሉ። የክልል ቢሮዎች ደግሞ እያንዳንዱን ትምህርት ቤት ከሌላ ክልል አንድ ትምህርት ቤት ጋር ያጣምሩ። ኢንተርኔት ባለበት በኢንተርኔት፣ በሌለበት በፖስታ ይገናኙ። አቅም የፈቀደላቸው በዋሽንግተን አካባቢ፣ በአውሮፓና በእስራኤል ልጆቻቸውን ቅዳሜና እሑድ አማርኛ ከሚያስተምሩ ማኅበረሰቦች ጋር ቢጣመሩ እነዚያ ልጆች ቋንቋውን የሚጽፉላት እውነተኛ እኩያ ያገኛሉ፤ የእኛዎቹም ከጥያቄያቸው ይማራሉ።

መምህሩን ሳያዘጋጁ ይህን ማወጅ ግን ጉዳት አለው። ስድሳና ከዚያ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል የቡድን ሥራ መምራት ከባድ ነው፤ የሥልጠናው ይዘት ይህንኑ ክፍል ታሳቢ ማድረግ አለበት። ጅምሩም በጥቂት ወረዳዎች ይሁን። ከተጀመረባቸው ጎን ያልተጀመረባቸው ትምህርት ቤቶች ይታዩ፤ የሴቶች ቀሪ፣ ማቋረጥ፣ የስምንተኛ ክፍል ውጤት፣ በአቅራቢነት የቆሙበት ጊዜ ተለይቶ ይመዝገብ፤ ውጤቱ ጥሩም ይሁን መጥፎ ለሕዝብ ይውጣ።

የቀጣዩ ዓመት የትምህርት ካላንደር ከመጽደቁ በፊት ሚኒስቴሩ መልሱን በይፋ ቢያሳውቅ፣ መምህራን በክረምቱ ሥልጠና ላይ የመጀመሪያውን የፕሮጀክት እቅድ ይዘው ሊወጡ ይችላሉ፤ ትምህርት ቤቶቹም መስከረም ላይ ከማን ጋር እንደተጣመሩ ያውቃሉ።

ከአክብሮት ጋር